ያረጁ ኮምፒዩተሮችን በአስመሳይ መኪና ስለ መተካት

ሀ. መግቢያ

አንድ መኪና ሲያረጅ በሌላ መኪና መተካቱ የተለመደ ነገር ነው። የወፍጮው ሞተር የተሰበረበት ሰው አዲስ ሞተር ገዝቶ ቢያስገባ እህሉ እንደ ቀድሞው ይፈጫል፤ ጤፉም ሆነ ስንዴው የሚፈጨው በየትኛው ሞተር እንደ ሆነ አያውቅም። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። ለአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ፕሮግራም ያ መኪና ብቻ በሚያውቀው የቁጥር ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ መኪናው ሲሞት ፕሮግራሙም አብሮ ድዳ ሆኖ ይቀራል። ፕሮግራሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ይልቅ ውድ ነው። መኪናውን ፋብሪካ በብዛት ያወጣዋል፤ ፕሮግራሙ ግን የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካምና ልምድ የተከማቸበት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ ያሮጌውን መኪና ጠባይ በሙሉ በአዲስ መኪና ላይ በፕሮግራም አማካይነት ማሳየት ነው። ይህ ሥራ ኢሙሌሽን፥ ሥራውን የሚፈጽመውም ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ አስመሳይ እያልን እንጠራዋለን። አስመሳይ የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ነቀፋ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን ሰው የሚያስመስለው ለማታለል ሲሆን፥ ይህ ፕሮግራም የሚያስመስለው የሌላውን አደራ ለመጠበቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማስመሰል ስለምን እንደሚቻል፥ እንዴት እንደሚሠራና እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል መግለጽ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ለማስረዳት እንፈልጋለን፤ ይኸውም አስመሳይ መኪና መሠራት ያለበት አሮጌው መኪና ከሞተ በኋላ ሳይሆን ገና በሕይወት ሳለ መሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ለ. የሚያረጀው ምንድር ነው?

አስቀድመን ልንለየው የሚገባ ነገር አለ። ፕሮግራም አያረጅም። የዛሬ አርባ ዓመት ሁለትና ሁለትን ደምሮ አራት ያለ ፕሮግራም ዛሬም አራት ይላል። የሚያረጀው አካሉ፥ ማለት መኪናው ነው።

መኪናው የሚያረጅበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ይበላሻሉ። ከባትሪው የሚወጣው ፈሳሽ የሰርኪዩቱን ሰሌዳ ይበላዋል። የዲስኩ ኩሽኔታ ቅባቱ ይደርቅና መሽከርከር ያቅተዋል። በአንዳንድ የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙል የተቀመጠው ጽሑፍ ደግሞ በብዙ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠፋል። ከዚህም ሁሉ ጋራ መኪናውን መጠገን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ይወጣል፤ ፋብሪካውም መለዋወጫ መሥራቱን ያቆማል።

ይህ ችግር የድኾች ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 የአሜሪካ ጋዜጦች እንደ ዘገቡት፥ የጠፈር መርከብ የሚያመጥቀው ናሳ የሮኬት መመርመሪያ መሣሪያዎቹን ለማሠራት 8086 የሚባለውን የኢንቴል ኩባንያ አሮጌ ቺፕ በኢንተርኔት ጨረታ እስከ መፈለግ ደርሶ ነበር። እንዲሁም የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው መግለጫ፥ የኑክሌር ኀይል ትእዛዝ ከሚተላለፍባቸው መሣሪያዎች አንዱ በ1970ዎቹ በተሠራ ሲሪስ 1 በሚባል የአይ. ቢ. ኤም. ኮምፒዩተርና 8 ኢንች ስፋት ባለው ዲስኬት ይሠራ እንደ ነበር ገልጿል። እነዚያ ዲስኬቶች ከሥራ የወጡት በ2019 ነው።

እንዲህ ያለ ሁኔታ ያጋጠመው መሥሪያ ቤት ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው፥ መለዋወጫ እየለቀመ አሮጌውን መኪና ማቆየት ነው፤ ይህ ጊዜ ይገዛል እንጂ ፍጻሜውን አያስቀርም። ሁለተኛው፥ ፕሮግራሙን ለአዲስ መኪና እንደገና መጻፍ ነው። ይህ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ማንም በወረቀት ያላሰፈራቸው ብዙ ሕጎችና ልዩ ጉዳዮች ተደብቀው ይኖራሉ፤ እንደገና የሚጽፈው ሰው የማያውቀውን ሊጽፍ አይችልም። ሦስተኛው፥ ፕሮግራሙን ሳይነኩ መኪናውን ብቻ መለወጥ፥ ማለት ማስመሰል ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ነው።

ሐ. ማስመሰል ስለምን ይቻላል?

የማስመሰል መሠረቱ ከኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር በፊት በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የታሰበ ነው። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በ1936 ባቀረበው ጥናት፥ የማናቸውንም ሌላ የስሌት መኪና አሠራር የሚገልጽ ጽሑፍ ቢሰጠው ያንን መኪና ሆኖ ሊሠራ የሚችል አንድ ሁለንተናዊ መኪና መኖሩን አስረዳ። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ቁም ነገር አለ። አንድን ኮምፒዩተር ያ ኮምፒዩተር የሚያሰኘው ብረቱና ሽቦው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህ ምላሽ ሳይጓደል በጽሑፍ ከተገለጸ፥ ጽሑፉን የሚያነብ ሌላ ኮምፒዩተር ሁሉ የመጀመሪያውን መኪና ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱትን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ቨርቹዋል ማሽን፥ በአማርኛ ምናባዊ መኪና የሚባለው፥ በአንድ እውነተኛ መኪና ውስጥ በሐሳብ የቆመ ሌላ መኪና ነው። አስተናጋጁና እንግዳው መኪና አንድ ዓይነት የትእዛዝ ቋንቋ የሚናገሩ ሲሆኑ፥ አብዛኛው የእንግዳው ትእዛዝ ያለ ትርጕም በቀጥታ ይፈጸማል። አይ. ቢ. ኤም. በማሳቹሴትስ ባለው የካምብሪጅ የምርምር ጣቢያው በ1967 ሲ. ፒ. 40 የሚባለውን ሥራ ላይ ሲያውል ያሳየው ይህንን ነበር፤ በ1974ም ፖፔክና ጎልድበርግ የሚባሉ ሊቃውንት አንድ መኪና ለዚህ የሚመች የሚሆንበትን ደንብ ጽፈዋል። እንግዳውና አስተናጋጁ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሲሆኑ ግን በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ያም አስተርጓሚ አስመሳዩ ነው። ያረጀ መኪና ብዙ ጊዜ ቋንቋውን የሚናገር ዘመድ ሳይተው ስለሚሞት፥ ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ዓይነት ነው።

መ. የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና

ማስመሰል ከሊቃውንት ጥናት ወጥቶ የገበያ ጉዳይ የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አይ. ቢ. ኤም. በ1959 ያስታወቀው 1401 የተባለው ኮምፒዩተር ከ10,000 በላይ ተሠርቶ በየባንኩና በየኢንሹራንስ ኩባንያው ተበትኖ ነበር። ይህ መኪና ቁጥርን የሚይዘው እንደ ሰው ልማድ በዐሥር ቤት ሲሆን፥ ርዝመቱ ያልተወሰነ ቁጥርም መደመር ይችል ነበር። ኩባንያው በሚያዝያ 1964 ያስታወቀው ሲስተም 360 ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ የትእዛዝ ቋንቋ ነበረው። ደንበኛው ደመወዝና ሒሳብ የሚያዘጋጁለትን ፕሮግራሞች ሁሉ ጥሎ አዲስ እንዲጽፍ ቢጠየቅ፥ የሌላ ኩባንያ መኪና ቢገዛ ምን ይጎዳዋል?

ይህ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። ሐኒዌል የተባለው ተወዳዳሪ ኩባንያ በታኅሣሥ 1963 ሐኒዌል 200 የሚባል መኪና አውጥቶ፥ የ1401ን ፕሮግራሞች ወደ ራሱ ቋንቋ የሚገለብጥ ነጻ አውጪ የሚል ስም የተሰጠው ፕሮግራም አቅርቦ ነበር። የአይ. ቢ. ኤም. መሐንዲሶች ለዚህ የሰጡት መልስ፥ ማይክሮኮድ በሚባለው በመኪናው ውስጥ በተቀረጸው የጥቃቅን ትእዛዞች መጽሐፍ ላይ የ1401ን ጠባይ መጨመር ነበር። ስለዚህ አነስተኛው የ360 ሞዴል 30 ሲፈለግ 360፥ ሲፈለግ 1401 ይሆን ጀመር። ኢሙሌተር የሚለውም ስም በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ የወጣ ነው። ደንበኛው ብረቱን ለወጠ፤ ፕሮግራሙን ግን አልለወጠም።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን፥ ማስመሰል የጨዋታ ጉዳይ ሳይሆን ከመጀመሪያው አንሥቶ የሰውን ድካም ከመጥፋት የማዳን ሥራ እንደ ነበረ ነው። በተጨማሪም መሐንዲሶቹ ይህን ሲሠሩ 1401 ገና በየቦታው በሥራ ላይ ስለ ነበረ፥ የአስመሳዩን መልስ ከእውነተኛው መኪና መልስ ጋራ ማስተያየት ይችሉ ነበር። የዚህን ጥቅም ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሠ. አስመሳዩ እንዴት ይሠራል?

አሠራሩን ለማስረዳት ቫክስ የተባለውን ኮምፒዩተር ምሳሌ እናደርጋለን። ቫክስን ያወጣው በ1957 በማሳቹሴትስ የተመሠረተው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሲሆን፥ የመጀመሪያው ቫክስ 11/780 ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 1977 ነው። በፋብሪካ፥ በሆስፒታል፥ በዩኒቨርሲቲና በጦር ሠራዊት ዘንድ በብዙ አገልግሏል። ዲጂታል በ1998 በኮምፓክ ተገዛ፤ ኮምፓክም በ2000 የቀሩት የቫክስ ዓይነቶች በዓመቱ መጨረሻ እንደሚቋረጡ አስታወቀ። መኪናው ሲቋረጥ በመኪናው ይሠራ የነበረው ሥራ ግን በብዙ ቦታ አልተቋረጠም። አስመሳይ የተፈለገውም ስለዚህ ነው።

ቫክስ ሬጂስተር የሚባሉ 16 የቁጥር ማኖሪያዎች አሉት። በ3ኛው ሬጂስተር ያለውን ቁጥር በ5ኛው ላይ ደምር የሚለው ትእዛዝ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ እነርሱም 192፥ 83ና 85 ናቸው። 192 ማለት ደምር ነው፤ 83 ማለት 3ኛው ሬጂስተር፥ 85 ማለት 5ኛው ሬጂስተር ነው። የዛሬው ኮምፒዩተር ይህን ቋንቋ አያውቅም። አስመሳዩ ግን በአዲሱ መኪና ማኅደረ ትውስታ ውስጥ 16 ቦታዎች ለይቶ የቫክስ ሬጂስተሮች ይሁኑ ብሎ ይሰይማቸዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮችን ያለማቋረጥ ይደጋግማል፤ ተራው የደረሰውን ትእዛዝ ያመጣል፥ ትርጕሙን ይለያል፥ ይፈጽማል። 192ን ሲያነብ መደመር መሆኑን ያውቃል፤ 83ንና 85ን ሲያነብ የትኞቹን ቦታዎች መውሰድ እንዳለበት ይረዳል። በ3ኛው 7፥ በ5ኛው 5 ቢኖር፥ በ5ኛው ቦታ 12 ይጽፋል።

ሥራው በዚህ ያለቀ ቢመስልም አላለቀም። እውነተኛው ቫክስ ከደመረ በኋላ ስለ ውጤቱ አራት ምልክቶች ያስቀምጣል፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው ወይ? ዜሮ ነው ወይ? ከልኩ አልፏል ወይ? ተራፊ አለው ወይ? ለምሳሌ በ5ኛው ሬጂስተር 2,147,483,647 ቢኖርና 1 ቢደመርበት፥ ይህ ቁጥር ሬጂስተሩ ሊይዘው የሚችለው የመጨረሻው ስለ ሆነ ውጤቱ ተገልብጦ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች መሆኑንና ከልክ ማለፉን የሚያመለክቱት ምልክቶችም ይቆማሉ። አስመሳዩ ድምሩን በትክክል አድርጎ ከምልክቶቹ አንዱን ቢረሳ ወዲያው ምንም ስሕተት አይታይም። ነገር ግን ፕሮግራሙ በኋላ ያንን ምልክት አይቶ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በሚሄድበት ጊዜ መንገዱን ይስታል፤ ስሕተቱም ከተሠራበት ቦታ ርቆ ስለሚገለጥ ምክንያቱን ለማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

የነጥብ ቁጥሮችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ክፍልፋይ ቁጥርን የሚይዙት በ1985 በወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ሲሆን፥ በዚያ ደንብ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል መጨረሻ የሌለው የሚል ልዩ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ቫክስ ግን ከዚህ ደንብ 8 ዓመት ቀድሞ የወጣ ስለ ሆነ የራሱ የቁጥር አያያዝ ነበረው፤ መጨረሻ የሌለው የሚባልም ምልክት የለውም፤ እንዲህ ያለ ማካፈል ሲያጋጥመው ስሕተት ነው ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ስለዚህ አስመሳዩ የነጥብ ቁጥሮችን እንዳሉ ለአዲሱ መኪና አሳልፎ ቢሰጥ፥ መልሱ በመጨረሻው አኃዝ ላይ ሊለወጥ ወይም መቋረጥ የነበረበት ሥራ ሳይቋረጥ ሊያልፍ ይችላል።

አንባቢው ይህን ያህል ሥራ ለአንድ መደመር ከሆነ አስመሳዩ ምንኛ ይዘገያል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቫክስ 11/780 በአንድ ሴኮንድ በግምት 500,000 ትእዛዝ ይፈጽም ነበር። አንዱን ትእዛዝ ለማስመሰል አዲሱ መኪና 100 ትእዛዞች ያስፈልጉታል ብንል፥ ለሴኮንዱ 50 ሚሊዮን ትእዛዝ ይበቃል ማለት ነው። በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ የዛሬ መኪና በየምቱ አንድ ትእዛዝ ብቻ ቢፈጽም እንኳ፥ ከዋናው ቫክስ 60 ጊዜ የሚፈጥን ቫክስ ያስመስላል።

ይህ ፍጥነት የማይበቃ ሲሆን ሌላ ዘዴ አለ። አንድ አስተርጓሚ ንግግርን ቃል በቃል እየተከተለ ሊተረጕም ይችላል፤ ወይም ተደጋግሞ የሚነገረውን ንግግር አንድ ጊዜ ተርጕሞ በጽሑፍ ይዞ፥ በተጠየቀ ቁጥር ከጽሑፉ ሊያነብ ይችላል። ሁለተኛውን ዘዴ የሚከተል አስመሳይ ብዙ ጊዜ የሚመላለሱትን የትእዛዝ ክፍሎች ወደ አዲሱ መኪና ቋንቋ ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል። አፕል የተባለው ኩባንያ የኮምፒዩተሮቹን ዋና ቺፕ በ1994፥ በ2006ና በ2020 ሲለውጥ ደንበኞቹ የቀድሞ ፕሮግራሞቻቸውን ይዘው የተሻገሩት እንዲህ ባሉ ተርጓሚዎች ነው።

ረ. መሣሪያዎችና ጊዜ

ኮምፒዩተር ማስላት ብቻ አይደለም፤ ከዲስክ ያነባል፥ በወረቀት ያትማል፥ በሽቦ ይነጋገራል። የእነዚህ መሣሪያዎች አተካክ እኩል ቀላል አይደለም። ዲስኩ ከሁሉ ይቀላል፤ በአሮጌው ዲስክ ላይ የነበረው በሙሉ በአዲሱ መኪና ላይ አንድ ፋይል ይሆናል፤ ቪ. ኤም. ኤስ. የሚባለው የቫክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንብብ ሲል አስመሳዩ ከፋይሉ ያነብለታል፤ እርሱም ልዩነቱን አያውቅም። የጽሕፈት መስኮቶቹም በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ይተካሉ። አስቸጋሪው ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሰሌዳ ሲያጋጥም ነው፤ የውሃ ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያይ ወይም የእቶን ሙቀት የሚለካ ሰሌዳ በፕሮግራም አይተካም። ያን ጊዜ አሮጌውን ሰሌዳ ከአዲሱ መኪና ጋራ የሚያገናኝ መሸጋገሪያ መሥራት ግድ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። ቪ. ኤም. ኤስ. በሴኮንድ 100 ጊዜ በሚመታ ሰዓት ይመራል፤ አስመሳዩ ያንን ምት ሳያፋጥንና ሳያዘገይ ማሰማት አለበት። አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች ደግሞ መሣሪያው እስኪዘጋጅ የሚጠብቁት ሰዓት አይተው ሳይሆን እስከ አንድ የተወሰነ ቁጥር ድረስ በመቍጠር ነው። በ60 ጊዜ በፈጠነ መኪና ላይ ቍጥሩ በ60 ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤ ፕሮግራሙም መሣሪያው ሳይዘጋጅ ይናገረዋል። ስለዚህ ፍጥነት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም፤ ጥሩ አስመሳይ የሚመሰለው በመልሱ ብቻ ሳይሆን በእርምጃውም ነው።

እነዚህን ሁሉ ለመፈጸም አስመሳይ ሠሪውን የረዳው፥ ዲጂታል የቫክስን ጠባይ ከማናቸውም አንድ መኪና ለይቶ በመጽሐፍ ማስፈሩ ነው። ይህም የቫክስ አርክቴክቸር መመሪያ በ1987 ለሕዝብ ታትሟል። በዲጂታል ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ቦብ ሰፕኒክ ከ1993 ጀምሮ ከሌሎች ጋራ የሠሩት ሲምኤች የተባለው አስመሳይ ቫክስንና ሌሎች ብዙ አሮጌ መኪናዎችን የሚያስመስል ሲሆን፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊመረምረው ይችላል። ስለ ኮምፒዩተር ውስጣዊ አሠራር ለሚማር ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ መማሪያ ያለ አይመስለንም።

ሰ. የዘገየ ማዳን ምሳሌ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሥራ መኪና ነው። አሁን ደግሞ ስለ ታሪክ መዝገብ እንናገር። በእንግሊዝ አገር በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ የመሬትና የሀብት ቆጠራ ተደርጎ ዱምስዴይ በሚባል የብራና መጽሐፍ ተጽፎ ነበር። የዚህ 900ኛ ዓመት ሲከበር ቢ. ቢ. ሲ. አዲስ ዱምስዴይ ለማዘጋጀት ተነሣ። ከ1984 እስከ 1986 ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች፥ አብዛኞቹም የትምህርት ቤት ልጆች፥ ስለ መንደራቸውና ስለ ዕለት ኑሯቸው ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አነሡ። ይህ ሁሉ በሁለት ትላልቅ የሌዘር ዲስኮች ላይ ተቀርጾ ወጣ። ዲስኮቹን ለማንበብ አኮርን የሠራው ቢ. ቢ. ሲ. ማስተር የሚባል ኮምፒዩተርና ፊሊፕስ የሠራው ልዩ የዲስክ ማጫወቻ ያስፈልግ ነበር። ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ይህን መሣሪያ የገዙት ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ናቸው።

16 ዓመት አለፈ። በ2002 የብራናው ዱምስዴይ እንደ ወትሮው ይነበብ ነበር፤ የዲስኩን ዱምስዴይ ለማንበብ የሚችል መኪና ግን ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ሄደ። የልጆቹ ጽሑፍ በዲስኩ ላይ እንዳለ ነበር፤ አንባቢው መኪና ግን እየሞተ ነበር።

ያን ጊዜ የእንግሊዙ የሊድስ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ካሚሊዮን በሚባል የጋራ ጥናት ላይ ነበሩ። አጥኚዎቹ የሚሠራ ማጫወቻ አግኝተው በዲስኮቹ ላይ ያለውን ወደ አዲስ ኮምፒዩተር አሻገሩት። ጽሑፉ በቁጥር የተጻፈ ስለ ሆነ እንዳለ ተገለበጠ፤ ሥዕሎቹ ግን እንደ ቴሌቪዥን ምስል የተቀረጹ ስለ ነበሩ እያንዳንዳቸው ወደ ቁጥር መለወጥ ነበረባቸው። ከዚያም የማስተሩን ኮምፒዩተርና የማጫወቻውን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም አዘጋጅተው በ2002 መጨረሻ ዱምስዴይን በአዲስ መኪና ላይ ለሕዝብ አሳዩ። ከዚህ የተለየ ሙከራም በሌሎች ሰዎች ተደርጓል፤ በ2011 ቢ. ቢ. ሲ. የልጆቹን ጽሑፍ ማንም በኢንተርኔት እንዲያነበው አድርጎ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፥ አስመሳይ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚሠራ ማጫወቻ ባይገኝ ኖሮ አስመሳዩ የሚያነበው ነገር አይኖረውም ነበር። ሁለተኛ፥ አስመሳዩ ትክክል መሆኑ የታወቀው ከሚሠራ ዋና መኪና ጎን ቆሞ ስለ ተመዘነ ነው። ዋናው ከሞተ በኋላ የሚሠራ አስመሳይ፥ አባቱን ያላየ ሰው የአባቱን መልክ ሲሥል ማለት ነው፤ ጥሩ ሥዕል ሊወጣው ይችላል፤ ነገር ግን መምሰሉን ማን ይመሰክርለታል?

ሸ. ጉዳዩ እኛን እንዴት ይነካናል?

ይህ ጉዳይ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። የአማርኛ ፊደል 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 በላይ ይሆናሉ። የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ለአንድ የፊደል ዓይነት የሚሰጡት ቦታ ደግሞ ከ256 አይበልጥም ነበር። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ያዘጋጀ ሁሉ ይህን ለማለፍ የራሱን ብልኀት ይፈልግ ነበር፤ አንዱ ፊደሉን በሁለት ክፍል ያስቀምጣል፥ ሌላው እግርና እጅ እየቀጠለ ይሠራል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ከተጻፈበት ፕሮግራም ተለይቶ ሲከፈት፥ የሚታየው ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለብዙ ዓይነቶችም ተዘጋጅቷል። ነገር ግን ሠንጠረዡ ዐ በነበረበት አ፥ ወይም ሠ በነበረበት ሰ እንዳላስገባ የሚታወቀው ጽሑፉ በመጀመሪያው ፕሮግራም ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው። ለዚህም አስመሳይ መኪና ይጠቅማል። በ2002 የወጣው ዶስቦክስ የተባለው ፕሮግራም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በብዛት ይሠራበት የነበረውን የአይ. ቢ. ኤም. ዓይነት ኮምፒዩተር ከነዶስ ያስመስላል። ዲስኬቱ ገና የሚነበብ ከሆነ፥ መጻፊያ ፕሮግራሙም አብሮ ከተገኘ፥ የዚያን ዘመን የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ባየው መልኩ ማየት ይቻላል። ጽሑፉ ብቻ ተጠብቆ ፕሮግራሙ ከተጣለ ግን ይህ ዕድል ይጠባል።

ቀ. መደምደሚያ

አስመሳይ መኪና ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት አይደለም። አሮጌውን ፕሮግራም ከነስሕተቱ ያቆያል፤ ያረጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአዲስ መኪና ላይ ቢቀመጥም ከአጥቂዎች የሚጠብቀው አዲስ እርማት ስለማያገኝ ከውጭ መስመር ማራቅ ይገባል። ብዙ ፕሮግራሞች ፈቃዳቸው ለአንድ መኪና ብቻ የተሰጠ ስለ ሆነ፥ ወደ አስመሳይ ሲዛወሩ የባለ መብቱን ስምምነት መጠየቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ አስመሳዩ ራሱ ፕሮግራም ስለ ሆነ፥ አስተናጋጁ መኪና በተራው ሲያረጅ ወደ ሌላ መኪና መሻገር አለበት። ቢሆንም አስመሳዩ የተጻፈበት ቋንቋ በብዙ መኪናዎች የሚታወቅ ከሆነ ይህ መሻገር ከመጀመሪያው እጅግ ይቀላል።

እንግዲህ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት፥ ቤተ መጻሕፍት ወይም ትምህርት ቤት መኪናውን ከመጣሉ በፊት አራት ነገሮችን ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። 1ኛ፥ በዲስኩና በዲስኬቱ ላይ ያለውን ሁሉ፥ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙንም ጭምር፥ መኪናው ገና ሲሠራ መገልበጥ። 2ኛ፥ ከመኪናው ጋራ የመጡትን የመመሪያ መጻሕፍት እንደ ትርፍ ወረቀት አለመጣል፤ አስመሳይ የሚሠራው ከነሱ ነውና። 3ኛ፥ አስመሳዩን ከአሮጌው መኪና ጎን አቁሞ አንድ ዓይነት ሥራ ለሁለቱም በመስጠት መልሳቸውን ማመሳከር። 4ኛ፥ መኪናውን የሚያውቀውን ሰው ጡረታ ሳይወጣ ጠይቆ የሚያውቀውን በጽሑፍ ማስፈር።

ከአራቱ ሦስቱ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፥ አራቱም ግን ጊዜ የሚጠይቁ ናቸው። መለዋወጫ በገንዘብ ይገዛል፤ አስመሳይም በብልኀት ይሠራል፤ የሞተ መኪና ግን ምን ብሎ ይመልስ እንደ ነበር ማንም ሊጠይቀው አይችልም።